መልስ፦ «አይ አም ሆት» ትኩሳት አለብኝ ማለት ነው?

እህቴ፣ ትኩሳት ይዞሽ ሐኪም ቤት ስትሄጂ «አይ አም ሆት» ማለት ልክ መሆኑን ጠይቀሻል። ልክ አይደለም። እሱ «ሞቆኛል» ነው፤ ነርሷ ክፍሉ የሞቀሽ ሊመስላት ይችላል። «አይ ሃቭ አ ፊቨር» በይ። ቴምፕሬቸር የሙቀት መጠን ነው፣ ጤነኛም አለው፤ በንግግር ግን «አይ ሃቭ አ ቴምፕሬቸር» ካሉ ትኩሳት ማለታቸው ነው። አሜሪካ ከሆንሽ ቁጥሩ በፋራናይት ስለሚነገር አትደንግጪ፦ 100.4 የኛ 38 ዲግሪ ነው፣ ትኩሳት የሚባለውም ከዚያ ጀምሮ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ «ሂት ስትሮክ» ነው፤ በተለይ ዓረብ አገር ፀሐይ ላይ ለሚሠሩ። ስትሮክ ብቻውን ሲባል አንጎል ውስጥ የደም ሥር ሲዘጋ ወይም ደም ሲፈስ ነው። ሂት ስትሮክ ግን ሰውነት በሙቀት ብዛት ራሱን ማቀዝቀዝ ሲያቅተው ይመጣል። ሙቀቱ 40 ዲግሪና ከዚያ በላይ ይደርሳል፣ ሰውየው ይቀባዥራል፣ ራሱን ሊስትም ይችላል። አምቡላንስ ጥሩ፣ እስኪመጣም በቀዝቃዛ ውኃ አርሱት። ፓራሲታሞል እዚህ ላይ አይሠራም። «ሂት ኤግዞስሽን» ቀለል ይላል፦ ብዙ ላብ፣ ድካም፣ ማዞር። ጥላና ውኃ ይፈልጋል፤ ችላ ከተባለ ግን ወደ ሂት ስትሮክ ይሄዳል።