አንድሮይድ ሊኑክስ ከሆነ ስልኬ ላይ ኡቡንቱ ለምን አልጭንም?

ወንድሜ፣ «ላፕቶፔ ላይ ኡቡንቱ በፍላሽ ጫንኩ፤ አንድሮይድም ሊኑክስ ነው ከተባለ ስልኬ ላይ ለምን አይጫንም?» ላልከው፦ ከርነሉ (ሶፍትዌሩን ከዕቃው ጋር የሚያገናኘው የሲስተሙ እምብርት) በእርግጥ ሊኑክስ ነው፤ የአንድሮይድ መሠረታዊ ኮድም ማንም አውርዶ ሊያየው ይችላል። የዘጋብህ በኮዱና በዕቃው (በሃርድዌሩ) መካከል ያለው ነገር ነው።

ላፕቶፕ ሲነሳ ባዮሱ ምን ዕቃ እንዳለ ለከርነሉ ይነግረዋል፤ የቀረውን ከርነሉ ራሱ ጠይቆ ያገኘዋል። ለዚህ ነው አንድ አይኤስኦ (የመጫኛ ፋይል) ዴልም ኤችፒም ላይ የሚነሳው። ስልክ ላይ ግን ስክሪኑ፣ ታቹና ቻርጅ የሚቆጣጠረው ቺፕ በየት በኩል እንደተገናኙ «ዲቫይስ ትሪ» በሚባል ፋይል ለየሞዴሉ አስቀድሞ መጻፍ አለበት። የሌላ ሞዴል ፋይል ከገባ ስልኩ በርቶም ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ሮም (ስልኩ ላይ የሚጫን ሲስተም) ስትፈልግ ካርቶኑ ላይ ባለው የገበያ ስም አትመራ፤ የሞዴል ቁጥሩን ያዝ።

ከዚያ ቡትሎደሩ፣ ማለትም ስልኩ ሲበራ ሲስተሙን የሚያስነሳው ፕሮግራም፣ አለ። ላፕቶፕ ላይ ያልተፈረመ ሲስተም እንዳይነሳ የሚከለክለውን ሴኪዩር ቡትን ባዮስ ገብተህ ታጠፋዋለህ፣ አለቀ። ስልክ ላይ ፈቃጁ አምራቹ ነው። አባውት ፎን ገብተህ ቢልድ ነምበርን 7 ጊዜ ንካ፤ በሚከፈተው ዴቨሎፐር ኦፕሽን ውስጥ «ኦኢኤም አንሎኪንግ» ከሌለ፣ ወይም ኢንተርኔት አገናኝተህም ደብዝዞ ከቀረ፣ በዚያ ስልክ ባትደክም ይሻላል። ቡትሎደሩ ቢከፈትም ስልኩ ውስጥ ያለው ሁሉ ይጠፋል፤ ሌባ ከፍቶ ፎቶህን እንዳያይ ታስቦ የተሠራ ነው። አንዳንድ የባንክ አፖችም ከዚያ በኋላ አልሠራም ይላሉ።

የካሜራውና የሞደሙ (ከኔትወርክ የሚያገናኘው ቺፕ) ሶፍትዌር ደግሞ ዝግ ነው፤ ከአምራቹ አሮጌ ከርነል ጋር ተጣብቆ ይኖራል። በ2017 የወጣው አንድሮይድ 8 ይህን ክፍል ለብቻው ስለለየው ሲስተሙን ብቻ መቀየር ቀለለ፤ ከርነሉ ግን ያው ነው። ዴስክቶፕ ሊኑክስም ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ የዋይፋይ ፈርምዌር (ዕቃው ውስጥ የሚሠራው ሶፍትዌር) እዚያም ዝግ ነው፣ በነጻ ሶፍትዌር ጥብቅ የሆነው ሊኑክስ ዴቢያን እንኳ ከ12ኛው እትም ጀምሮ መጫኛው ውስጥ አካቶታል።

አዳማ «ሶፍትዌር ይጫናል» ለሚል ሞባይል ቤት የምትሰጥ ከሆነ አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የስልኩ ፕሮሰሰር ሚዲያቴክ ከሆነ ባለሙያው ኤስፒ ፍላሽ ቱል በሚባለው የመጫኛ ፕሮግራም ላይ «ዳውንሎድ ኦንሊ» ይምረጥ። «ፎርማት ኦል» ካለበት ኤንቪራም የሚባለው ክፍል ይጠፋል፣ አይኤምኢአዩም (የስልኩ መለያ ቁጥር) አብሮ ይሄዳል፤ ስልኩ ይበራል፣ ኔትወርክ ግን የለውም። ዩፒኤስ በሌለው ዴስክቶፕም አያስጀምር፤ መብራት መሃል ላይ ከሄደ ወደ ስልኩ የሚጻፈው ሶፍትዌር ግማሽ ላይ ይቋረጣል።

እውነተኛ ሊኑክስ ስልክ ላይ ማየት ከፈለግክ ለስልክ የተሠራውን ሊኑክስ ፖስትማርኬትኦኤስን ዋንፕላስ 6 ላይ ሞክር። የምትፈልገው ተርሚናልና ፓይተን ብቻ ከሆነ ግን ቡትሎደር መክፈትም አያስፈልግህም፦ ተርሙክስ የሚባለውን የተርሚናል አፕ ኤፍድሮይድ ከሚባለው የአፕ ማከማቻ አውርድ፣ ውስጡ ፕሩት ዲስትሮ የሚባለውን ጫን፣ በእሱ ኡቡንቱን ወይም ዴቢያንን አስገባ። ሩት (በስልኩ ላይ ሙሉ ሥልጣን) አይጠይቅም። ብዙ ትንንሽ ፋይል ሲነካ ብቻ ይንቀራፈፋል።