መሪ ይዞ ስልክን በድምፅ ማዘዝ፦ ጠይቁኝ

ሥራዬ የመኪና ኤሌክትሪክ ነው፣ ቱሉ ዲምቱ አካባቢ። ከኮዬ ፈጬም ከገላንም የሚመጣው ሁሉ ስክሪን ቴፕ ያስገባና ወዲያው "በድምፅ እንዴት ነው የማዘው?" ይለኛል። እዚሁ አንድ ላይ ልመልስ። ሴቲንግ የሚነካካው መኪናው ቆሞ ነው። ስትጠይቁ የስልካችሁንና የመኪናችሁን ዓይነት ጻፉ።

የኮዬዋ፦ ጋሼ፣ ሳምሰንግ ነው የያዝኩት። "ሄይ ጉግል፣ ለእማዬ ደውል" ስለው ምንም አይገባውም።

መልስ፦ እህቴ፣ "ሄይ ጉግል" ስትይ የሚሰማሽ ጉግል አሲስታንትም፣ የአይፎኑ ሲሪም የአማርኛ ትእዛዝ አይቀበሉም። በፈረንጅ 2017 አማርኛ የገባው የጉግል ኪቦርድ ላይ ነው፤ ማይኳን ነክተሽ ስትናገሪ ይጽፍልሻል። ያንን ደግሞ እየነዳሽ አትሞክሪው፣ መነካት ይፈልጋል።

ትልቁ ጣጣ ስም ነው። ስልኩ የሚሰማሽ በእንግሊዝኛ ጆሮ ስለሆነ "ጸጋዬ" እና "ቀለሟ" ስትይው የሚያውቀው ድምፅ አይደለም፣ ያልሆነ ሰው ጋ ይደውላል ወይም ደግመሽ እንድትናገሪ ይጠይቅሻል። ስለዚህ ቤት ቁጭ ብለሽ ሁልጊዜ የምትደውይላቸውን አራት አምስት ሰዎች ብቻ ምረጪ። በላቲን ፊደል አጭር ቅጽል ስም ስጫቸው፦ "ማም"፣ "ቦስ"፣ "ቲቸር"። አይፎን የያዘ ደግሞ ኮንታክቱ ውስጥ ስሙ እንዴት እንደሚነበብ የሚጻፍበት ቦታ አለለት። አንድ ሰው በአንድ ቁጥር ብቻ ይመዝገብ። ሁለት ቁጥር ካለው "የትኛው?" ብሎ ይጠይቅሻል፣ አንቺ ስትመልሺ ፊትሽ ያለው ሲኖትራክ ፍሬን ይይዛል።

ገላን ኮንዶ፦ እኔ ጋ አይሠራም።

መልስ፦ ምኑ? የትኛው ስልክ? የትኛው መኪና?

የራይድ ሹፌር፦ ቪትዝ ነው የምነዳው። ደንበኛ በድምፅ ማግኘት ይቻላል? አያትና ሰሚት ውስጥ ቤት መፈለግ ገደለኝ።

መልስ፦ ደንበኛ ኮንታክትህ ውስጥ ስለሌለ በስም አታገኘውም። ዳር ይዘህ፣ ቆመህ ደውል። የራስህን ቦታዎች ግን ጉግል ማፕ ላይ "ሆም" ምናምን ብለህ አስቀምጥና "ናቪጌት ሆም" በለው። የብሎክ ቁጥር እየጠራህ አትድከም።

ሰበታ ተመላላሽ፦ እጄ መሪ ላይ፣ ዓይኔ መንገድ ላይ እስከሆነ ድረስ ምን ችግር አለው? ታበዛዋለህ ወንድሜ።

መልስ፦ አላበዛሁም። በፈረንጅ 2015 የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች አሜሪካ ውስጥ ለትሪፕል ኤ ፋውንዴሽን፣ ማለት ለአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር የመንገድ ደህንነት ድርጅት፣ ያጠኑት አለ። አስቸጋሪ በሆኑት የድምፅ ሲስተሞች፣ ሹፌሩ አዝዞ ከጨረሰ በኋላ እንኳ ሐሳቡ እስከ 27 ሰከንድ ድረስ ሙሉ በሙሉ ወደ መንገዱ አይመለስም። በ60 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ይህ 450 ሜትር ነው። እስቲ ከቃሊቲ ወደ ቱሉ ዲምቱ 450 ሜትር ውስጥ ስንት ባጃጅና ስንት እግረኛ እንደሚገባብህ አስበው። ድምፅ እጅህንና ዓይንህን ነው ነፃ የሚያወጣው፣ ጭንቅላትህን አይደለም። ለዚህ ነው ሦስት ነገር ብቻ እዘዙበት የምለው፦ ደውል፣ መንገድ አሳይ፣ ዝጋ። መልእክት ማስጻፍ ይቅር።

ሰበታ ተመላላሽ፦ እንግዲያው ከጎን የተቀመጠ ሰውም አያውራ!

የኮዬዋ፦ ባለቤቴን ለዝምታ ካበቃኸው እኔም እከፍልሃለሁ።

መልስ፦ ከጎንህ ያለው ሰው መንገዱን ያያል። ስትጨናነቅ ዝም ይላል፣ አንዳንዴም "ኧረ ቀስ!" ይልሃል። ስልክ የደወለልህ ሰው ግን አደባባይ ውስጥ መሆንህን በምን ያውቃል?

ለቡ፦ ቢዋይዲ ከቻይና አስመጣሁ። ቻይንኛ ብቻ ነው የሚሰማው።

መልስ፦ ለቻይና ገበያ የተሠራ ነዋ። "ኒ ሃው ሽያው ዲ" ስትለው ይነቃል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ቻይንኛ አንተው ተወጣው። ስልክህን በብሉቱዝ አገናኝና የስልኩን ተጠቀም። ሶፍትዌር አልቀይርም፣ አትጠይቁኝ።

ጀሞ፦ የጎረቤቴ ልጅ በቻይንኛ መስኮት ያስከፍታል፣ አባቱ ግን አይችልም።

ሰበታ ተመላላሽ፦ በላዳ ጊዜ መስኮት በእጅ እየጠመዘዝን ሰላም ነበርን።

ጀሞ፦ ላዳ ምን ድምፅ ያሰማል? ሞተሩ ራሱ ያወራ የለ እንዴ!

መልስ፦ ላዳን ተዉት፣ ጥያቄ ያለው ይጠይቅ።

የሱሉልታው አባት፦ ልጄ፣ የልጆቼ መልእክት ሲመጣ ይነበብልኝ ብዬ ነበር። ምን እንደሚለው አይገባኝም።

መልስ፦ አባቴ፣ ልጆችዎ አማርኛውን በላቲን ፊደል ስለሚጽፉት በፈረንጅ አፍ ነው የሚያነብልዎ። ያጥፉት። ከእንጦጦ ሲወርዱ ደግሞ ምንም ባይሰሙ ይሻላል። ቸኩለው ከሆነ እነሱው ይደውላሉ፣ እርስዎም በመሪው ቁልፍ ያነሣሉ።

ገላን ኮንዶ፦ ቴክኖ ነው፣ ኮሮላ። ስጮህበትም አይሰማኝም።

መልስ፦ አሁን ጥያቄ ሆነ። መጮህ ይባስ ያበላሻል። መስኮት ዝጋ፣ ኮብልስቶን ላይ ሆነህ አትሞክር። የቴፑ ማይክ የት ነው የተገጠመው? ብዙ ገጣሚ ከቴፑ ኋላ ወሽቆት ይሄዳል። አውጥተህ ከመሪው በላይ፣ ጣሪያው ጠርዝ ላይ ለጥፈው፣ ከኤሲው ነፋስ አርቀው።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ለሁላችሁ፣ በአማርኛ ይሠራል?

መልስ፦ የመጀመሪያውን መልስ አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ እሺ፣ ማስገጠሚያውስ ስንት ነው?

መልስ፦ መኪናህን ሳላይ ዋጋ አልናገርም። እሑድ ዝግ ነው።