ማይክሮሄንሪውን ከመቁጠርህ በፊት አምፔሩን ጠይቅ

ወንድሜ፣ ከ12 ቮልት ባትሪ 5 ቮልት፣ 3 አምፔር የሚሰጥ ቮልት መቀነሻ ኤልኤም 2596 በሚባለው አይሲ (ቺፕ) ልትሠራ ነው። «ኮይሉና ካፓሲተሩ ስንት ይሁን?» ብለሃል። እኔም በ2015 ይህንኑ ይዤ ተነስቼ ነበር። የሚነግረኝ ሰው ስላጣሁ ዋጋ ከፍያለሁ፤ አንተ እንዳትከፍል ብዬ ነው የምጽፈው።

1. ስሌቱ ቀላል ነው። ኮይሉ ላይ ከፍና ዝቅ የሚለውን ከረንት የ3 አምፔሩን 30 በመቶ ውሰደው፤ 0.9 ይሆናል። 5ን በ7 አባዛ (12 ሲቀነስ 5)፣ ከዚያ ለ12፣ ለ150,000 ኸርዝ (አይሲው በሰከንድ ይህን ያህል ጊዜ ያበራል ያጠፋል) እና ለ0.9 አካፍል። 22 ማይክሮሄንሪ ግድም ይመጣል፤ ማይክሮሄንሪ የኮይል መለኪያ ነው። 33 ብትገዛ ጥሩ ነው።

2. ኮይሉን ስትገዛ ቁጥሩን ብቻ እንዳታይ። አራት ኪሎ አካባቢ ላለ አንድ ካፌ፣ መብራት ሲጠፋ ደንበኛ ስልክ ቻርጅ የሚያደርግበት ስምንት ቦርድ ልሠራ ተስማማሁ። ያንተም ሥራ እንዲህ ያለ ይመስለኛል፤ አለበለዚያ 3 አምፔር ምን ያደርግልሃል? ያኔ ፒያሳ ገና አልፈረሰም። እዚያ አንድ ሱቅ ገባሁ። ሻጩ ላዩ ላይ 470 የተጻፈበት ትንሽ ጥቁር ኮይል አወጣልኝ። ይህ 47 ማይክሮሄንሪ ማለት ነው፤ የመጨረሻዋ ዜሮ የምትናገረው ስንት ዜሮ እንደሚጨመር ነው። ይህንንም ለእሱ የነገርኩት እኔ ነኝ። «ስንት አምፔር ይችላል? ዳታሺት አለው?» አልኩት፤ የፋብሪካውን መግለጫ ወረቀት ማለቴ ነው። «ኮይል ኮይል ነው፤ ትገዛለህ አትገዛም?» ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። እኔም 22 የሚበቃኝን 47 ካገኘሁ ትርፍ ነው ብዬ ገዛሁ።

ጥፋቱ ይሄ ነው። ኮሩ (ሽቦው የሚጠመጠምበት እምብርት) ያው ሆኖ ማይክሮሄንሪው ከፍ ሲል ዙሩ ይበዛል፣ ሽቦው ይቀጥናል። ዙሩ ሲበዛ ደግሞ ኮሩ በትንሽ አምፔር ይሞላል፤ ሳቹሬት አደረገ የሚባለው ይህ ነው። አንዴ ከሞላ ከተራ ሽቦ ብዙ አይለይም። ከረንቱ ይተኮሳል፣ አይሲው ይግላል።

ቤት ውስጥ በአንድ ስልክ ስሞክረው ምንም አልሆነም። ካፌው ጋ መብራት የጠፋው በምሳ ሰዓት ነው፤ ሁሉም ቦታ ስልክ ተሰካበት። ሁለት አይሲ ተቃጠለ። አንደኛው ውስጡ ሾርት አድርጎ የባትሪውን 12 ቮልት እንዳለ ወደ አንዲት ተማሪ ስልክ ለቀቀው። የስልኩን ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ። ልጅቷ ያለቀሰችው ግን ውስጡ ለነበሩት ፎቶዎች ነው። እስካሁን ከአእምሮዬ አልወጣም። ሱቁ ስመለስ «አንተ ነህ ያቃጠልከው» አለኝ፤ አንዱንም ኮይል አልተቀበለኝም።

3. ስለዚህ ከረንቱ ጫፍ ላይ ሲደርስ 3 ሲደመር የ0.9 ግማሽ፣ ማለትም 3.45 አምፔር ነው። ኮይሉ የሚሞላበት አምፔር ከ4.5 አይነስ። ዳታሺት ላይ ሁለት አምፔር ታያለህ፤ አንዱ ኮሩ የሚሞላበት፣ ሌላው ሽቦው የሚግልበት። ትልቁን ብቻ እየጠሩ የሚሸጡ አሉ፤ አንተ ትንሹን ያዝ። ከአሮጌ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላይ የሚፈታውን ቢጫና ነጭ ቀለበትም ይመክሩሃል። ቶሎ አለመሙላቱ እውነት ነው። ግን ኮሩ የብረት ብናኝ ስለሆነ በ150 ኪሎኸርዝ ራሱ ይግላል። ሞክሬዋለሁ፣ በጣት አይነካም።

ካፓሲተር ላይ ብዙ ሰው መውጫውን አይቶ መግቢያውን ይረሳል። ባንተ ሥራ የመግቢያው ካፓሲተር 1.5 አምፔር ገደማ ሪፕል (የሚዋዥቅ ከረንት) ይሸከማል። 85 ዲግሪ የሚለውን ተራውን ተወው። 105 ዲግሪ፣ ኢኤስአሩ (የራሱ የውስጥ ሬዚስታንስ) ዝቅ ያለ፣ 25 ወይም 35 ቮልት የሆነውን ግዛ፤ ከአይሲው እግርም አታርቀው። ሙቀቱ 10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር የዚህ ዓይነቱ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሮላይቲክ የሚባለው፣ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል። የአይሲው ዳታሺት መግቢያ ላይ 680፣ መውጫ ላይ 220 ማይክሮፋራድ ይላል፤ እኔም አልነካካሁትም።

«መውጫውን ሴራሚክ ካፓሲተር ብቻ አድርገው» የሚሉህን ለዚህ አይሲ አትስማ። 2596 የቆየ ዲዛይን ነው፤ ለመረጋጋት ትንሽ ኢኤስአር ይፈልጋል። አዲሶቹ አይሲዎች ሴራሚክ ይስማማቸዋል። እነሱም ላይ ቢሆን 22 ማይክሮፋራድ፣ 6.3 ቮልት የሚለው ደቃቅ ሴራሚክ 5 ቮልት ሲያርፍበት ከግማሽ በላይ ሊጎድል ይችላል።

እኔ ከውጭ በሚመጣ ሰው 33 ማይክሮሄንሪ፣ 5 አምፔር ኮይል አስመጥቼ ስምንቱንም እንደ አዲስ ሠራኋቸው። ሁለት ክረምት አለፈ፤ አንድም ቦርድ ተበላሸ ተብሎ አልተመለሰም። የካፌው ባለቤት ሌላ ሥራም ሰጥቶኛል።

ዳታሺት ያለው ኮይል ካጣህ 0.1 ኦም ሬዚስተር ከኮይሉ ጋር በተከታታይ አስገባና በኦሲሎስኮፕ (ሞገዱን በስክሪን በሚያሳይ መሣሪያ) እየው። አምስት ኪሎ የሚማር ጓደኛ ካለህ ለምነው፤ እኔን ያዳነኝ እንዲህ ያለ ልጅ ነው። 3 አምፔር እየጎተትክ ከረንቱ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ቀጥ ብሎ ከወረደ ጤነኛ ነው። ጫፉ ጋ ሲደርስ ሽቅብ ከሾለ ኮሩ ሞልቷል፤ ያንን ኮይል አትጠቀምበት። የኮይሉን ፎቶ ብትልክልኝ ምንም ማለት አልችልም። የሞገዱን ምስል ላክልኝና አብረን እናየዋለን።