ለሕግ ተማሪዎች፦ የተሸነፈውን ሐሳብ አንብቡ

ልጆቼ፣ ዕድሜዬን በችሎት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ዛሬ ስለ አንድ ፍርድ ላጫውታችሁ። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1857 የሰጠው ነው።

ድሬድ ስኮት በባርነት የተያዘ ሰው ነበር። ጌታው የጦር ሠራዊት ሐኪም ስለሆነ ባርነት ወደተከለከለበት ኢሊኖይ፣ ከዚያም ወደ ዊስኮንሲን ግዛት ወስዶ ለዓመታት አኖረው። ባርነት ወደሚፈቀድባት ሚዙሪ ከተመለሱ በኋላ ስኮትና ሚስቱ ሐሪየት በ1846 "ነፃ ነን" ብለው ከሰሱ። በ1850 ተፈረደላቸው፤ በ1852 የሚዙሪ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሻረባቸው። በመጨረሻ ክርክሩ ዋሽንግተን ደረሰ።

ዋና ዳኛው ሮጀር ቴኒ እንዲህ ወሰነ፦ የአፍሪካ ባሮች ዘር የሆነ ሰው፣ ነፃ ቢወጣም፣ የአሜሪካ ዜጋ አይሆንም፤ ስለዚህ በፌዴራል ፍርድ ቤት መክሰስ አይችልም። መዝገቡ እዚህ ላይ መዘጋት ነበረበት። ሥልጣን የለኝም ያለ ዳኛ ምን ቆርጦት ወደ ፍሬ ነገሩ ይገባል? ቴኒ ግን ገባ። ኮንግረስ፣ ገና ክፍለ ግዛት ባልሆኑት የአገሪቱ ግዛቶች ባርነትን መከልከል አይችልም ብሎ፣ በሰሜኑ ግዛቶች ባርነትን የከለከለውን የ1820 ሕግ፣ የሚዙሪ ስምምነት የሚባለውን፣ ውድቅ አደረገ። አገሪቱን የከፈለውን ጭቅጭቅ በአንድ ፍርድ ሊቋጨው አስቦ ነበር። ግን ባሰበት። ባርነት እንዳይስፋፋ የተቋቋመው የሪፐብሊካን ፓርቲ፣ ዋና ዓላማህ ሕገ ወጥ ነው ተባለ። ሰሜኑ በቁጣ ነደደ። በ1860 ሊንከን ተመረጠ፤ በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ተጀመረ።

እኔ ግን እንድታነቡ አጥብቄ የምለምናችሁ የዚያው ፍርድ ቤት ዳኛ ቤንጃሚን ከርቲስ ከብዙኃኑ ተለይቶ የጻፈውን የሐሳብ ልዩነት ነው። ድምፁ 7 ለ2 ነበር፤ ከሁለቱ አንዱ እሱ ነው። ቴኒ "ሕገ መንግሥቱ ሲጸድቅ ጥቁሮች ከሕዝቡ አይቆጠሩም ነበር" ሲል፣ ከርቲስ የየክፍለ ግዛቱን ሕግ ገልጦ አሳየ። በዚያን ጊዜ በ5 ክፍለ ግዛቶች ነፃ ጥቁሮች የመምረጥ መብት ነበራቸው፤ ከአምስቱ አንዷ ደቡቧ ሰሜን ካሮላይና ናት። ቁጣና ስድብ አላስፈለገውም፤ ማስረጃ ብቻ። በዚያው ዓመት ከወንበሩ ለቀቀ።

አንድ ቀን ከችሎት ጓዶቻችሁ ጋር ሐሳባችሁ ካልገጠመ እንዲህ ጻፉ። "አልስማማም" ብሎ ፈርሞ መነሳት ይቀላል፤ ነገር ግን በኋላ ለሚመጣ ሰው አንዳች አይተውለትም። በ1868 የጸደቀው የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛው ማሻሻያ የቴኒን ቃል ሽሮ፣ በአሜሪካ ተወልዶ በሕጓ ሥር ያለ ሁሉ ዜጋ ነው አለ። ዛሬ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የሚወለዱት የዘመዶቻችሁ ልጆች ፓስፖርት የሚይዙት በዚህ አንቀጽ ነው።