ጥያቄዎ በመልሳችን፦ ሲኒ፣ ብርሌና ዋንጫ

ጥያቄ፦ ስድስት አዲስ ሲኒ ገዝቼ ገና አቦሉን ስቀዳ ሁለቱ ተሰነጠቁ። ሻጩ «የአቀዳድሽ ችግር ነው» አለኝ። እውነቱን ነው? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ በከፊል። ከጀበና የሚወርድ ቡና ለመፍላት የቀረበ ትኩስ ነው። የሲኒው ውስጥ ድንገት ሲሞቅ ይለጠጣል፤ ውጩ ግን ገና ቀዝቃዛ ስለሆነ አብሮት አይለጠጥም። ስንጥቁን የሚያመጣው ይህ ልዩነት ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ብርዳም ከተማ ሲኒው በቀዝቃዛ ውሃ ተለቅልቆ ረከቦት ላይ እንደተደረደረ ሲቀዳበት ደግሞ ይብሳል። ቡናው እስኪሰክን ባለው ጊዜ በየሲኒው ሞቅ ያለ ውሃ እስከ ግማሽ ጨምረው አንድ ደቂቃ ያቆዩ፣ ደፍተው ወዲያው ይቅዱ። በአቦልና በቶና መካከልም ትኩሱን ሲኒ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አይንከሩ፤ ለብ ባለ ውሃ ይለቅልቁት።

ሻጩ ያልነገረዎት ግን ሲኒው ከመጀመሪያውም ስንጥቅ ይዞ ሊመጣ እንደሚችል ነው። ሲገዙ በመዳፍዎ ላይ አድርገው በጥፍርዎ መታ ያድርጉት። ጥርት ብሎ ከጮኸ ደህና ነው፤ ድምፁ ከታፈነ ይተውት። ገልብጠውም የታች ጠርዙን በጣትዎ ይዳብሱ፤ ሻካራ ከሆነ ሲደራረብ የሌላውን ሲኒ ገጽ ይጭራል።

ጥያቄ፦ ጠርዙ ባለወርቅ የሆነ ሲኒ በዕቃ ማጠቢያ ማሽን ይታጠባል? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አይታጠብ። የማሽኑ ሳሙና ወርቁን ቀስ በቀስ ያነሳዋል። ማይክሮዌቭ ውስጥም አያስገቡት፤ ወርቁ ብረት ስለሆነ ብልጭታ ይፈጥራል። የቡና ቀለም ከያዘ ቤኪንግ ሶዳ በጥቂት ጠብታ ውሃ ለውሰው በለስላሳ ጨርቅ ውስጡን ብቻ ይሹት። ሽቦ ፈጽሞ አይንካው፤ በተጫረ ገጽ ላይ ቀለም ይበልጥ ይይዛል።

ጥያቄ፦ ብርሌዎቼ ውስጣቸው ደፍርሷል፤ አንገታቸው ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባም። አሸዋ ልጠቀም? (ከጎንደር)

መልስ፦ አሸዋ ያጸዳል፣ ግን ብርጭቆውን ይጭራል፤ መስታወት ደግሞ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከተጫረበት ቦታ ነው። በአሸዋ ፈንታ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥሬ ሩዝና አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩ፣ ሆዱን እስከ ሲሶው ለብ ባለ ውሃ ሞልተው አፉን በመዳፍዎ ይድፈኑና ያሽከርክሩት። ወደ ላይና ወደ ታች አይናጡት፤ ጉዳት የሚደርሰው አንገቱ ከሆዱ በሚጋጠምበት ቦታ ላይ ነው። ሽታ ከቀረ አንድ እጅ ኮምጣጤ በሁለት እጅ ውሃ በጥብጠው ግማሽ ሰዓት ያቆዩበት።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ጠጁ እንዳለቀ ወዲያው ለብ ባለ ውሃ መለቅለቅ ነው። የማር ቅሪት ሳይደርቅ በቀላሉ ይለቃል፤ ካደረ ግን ይጣበቃል። የፈላ ውሃ አያፍሱበት። ሲደርቅም በአፉ ብቻ አያቁሙት፤ ሆዱ ከብዶ ይገለበጣልና ቅርጫት ውስጥ አንገቱን ወደ ታች አዘንብለው ያስደግፉት።

የነቃውን በሙጫ ለመጠገን አይድከሙ። «ብርሌ ከነቃ አይሆንም ዕቃ» የሚባለው በከንቱ አይደለም፤ ስንጥቁ በየእጥበቱ ይረዝማል፣ ሙጫውም ከሚጠጣው ጋር ይነካካል።

ጥያቄ፦ ከአያቴ የወረስኩት የቀንድ ዋንጫ ሲረጥብ ይሸታል፤ ጠርዙም መላጥ ጀምሯል። (ከደሴ)

መልስ፦ ምናልባት በሙቅ ውሃ ያጥቡት ይሆናል። ቀንድ በሙቀት ይለሰልሳል፤ ባለሙያው ዋንጫውን ቅርጽ የሚያሲዘውም በዚሁ ባሕርዩ ነው። ስለዚህ የሞቀ ውሃ ቅርጹን ያጣምመዋል። መላጡ ደግሞ ቀንድ ንብርብር ሆኖ ስለሚያድግ ነው፤ ደጋግሞ ሲርስና ፀሐይ ላይ ሲደርቅ ንብርብሩ ይላቀቃል።

በቀዝቃዛ ውሃና በጥቂት ሳሙና አጥበው ወዲያው በጨርቅ ያድርቁት፣ ከዚያ ጥላ ውስጥ አፉን ከፍተው ያስቀምጡት። ጠላም ሆነ ጠጅ አይደርበት። የተላጠውን ጠርዝ በጣም ደቃቅ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው ውጩን በንጹሕ የንብ ሰም ይወልውሉት። የምግብ ዘይት አንመክርም፤ ቆይቶ ስለሚበላሽ እርስዎ ሊያጠፉት የፈለጉትን ሽታ እሱ ያመጣል። ለረጅም ጊዜ ሲያስቀምጡት በፕላስቲክ አይጠቅልሉት፤ ቀንድ የሚበላ ነፍሳት ስላለ በየጊዜው አውጥተው ይመልከቱት።