መልስ፦ «አባባ ሲስሉ አደሩ» ማለት ምን ማለት ነው?

የደብረ ብርሃኑ አከራይሽ ልጅ ስለ አባቷ «አባባ ሌሊቱን ሲስሉ አደሩ» ብላ ከጻፈችልሽ፣ ሳል ይዟቸው ነው። ሥዕል መሣልም ቢላዋ መሳልም የለበትም። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የሌሊቱ ብርድ ባና ደርበውም አይቻልም። ደውለሽ «እንዴት አደሩ?» በያቸው፣ ደስ ይላቸዋል።

ግራ ያጋባሽ ሦስቱም ግሦች፣ የሳሉ፣ የሥዕሉና የቢላዋው፣ አንድ መልክ ስላላቸው ነው፦ ሳለ፣ ይስላል። ስለዚህ አጠገቡ ያለውን ቃል እዪ። «ሥዕል» ካለ ብሩሽ ተይዟል። «ቢላዋ» ወይም «ማጭድ» ካለ ሞረድ። ምንም ከሌለ አብዛኛውን ጊዜ ሳል ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቂ። አራተኛ «ሳለ» አለ፤ «እያለ» ማለት ነው። እዚህ «ለ» ይጠብቃል፣ ፊደላችን ግን ማጥበቅን አያሳይም።

እናቴ አንዴ ከደብረ ሲና «ልጁ ቤት ሳለ» ብላ ላከችልኝ። ወንድሜ ቤት ሥሎ አሳያት ብዬ «ጎበዝ በይልኝ» አልኳት። ቀጣዩ መልእክት ሲገባ ለካ ልጁ ቤት እያለ ወድቆ እጁን ተጎድቷል። እስካሁን ይቆጨኛል። ዓረፍተ ነገሩ ሳያልቅ አትመልሺ።