መልስ፦ የሴት ቁጣ በሥነ ምግባር ክርክር ውስጥ ምን ቦታ አለው?

«የተቆጣ ሰው አመዛዝኖ መፍረድ ካልቻለ፣ ቁጣ በሥነ ምግባር ክርክር ውስጥ ምን ቦታ አለው?» ለሚለው ጥያቄዎ፣ ፌሚኒስት ፈላስፎች አስቀድመው የሚያነሡት የማን ቁጣ እንደሚደመጥ ነው። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ረዳቱ መልሷን ሲያስቀርባት ድምጿን ከፍ ያደረገች ሴት «እህቴ፣ ተረጋጊ እንጂ» ትባላለች፤ አጠገቧ የተቀመጠው ወንድ በዚያው ጉዳይ ቢጮህ ግን ረዳቱ ዝርዝር መፈለግ ይጀምራል። ፌሚኒስት ፈላስፋዋ ማሪሊን ፍራይ እ.ኤ.አ. በ1983 ባሳተመችው መጽሐፍ እንዳስረዳችው፣ መቆጣት መከበር የሚገባው ድርሻ አለኝ ብሎ የመጠየቅ ያህል ስለሆነ፣ ሰሚው ጥያቄውን ካልተቀበለው ተቆጪዋ እንደ እብድ ትቆጠራለች። ለመረጋጋት የሚቀለው ብዙ ጊዜ ያልተበደለው ወገን በመሆኑ፣ እርጋታን የሚዛናዊነት ማስረጃ ማድረጉ ለእኔ አሳማኝ አይደለም። ሌላዋ ፌሚኒስት ፈላስፋ አሊሰን ጃጋር በበኩሏ እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣችው ጽሑፍ፣ ማኅበረሰቡ የማይጠብቃቸው ስሜቶች (ሌሎች በሚስቁበት ቀልድ መከፋትን የመሰሉት) በደሉ ገና በቃል ሳይገለጽ አንድ ነገር እንደተዛባ ሊጠቁሙን እንደሚችሉ ተከራክራለች። ሆኖም ቁጣ ሁሉ ትክክል ነው አላለችም፤ ስሜቶቻችንም እንደ ማንኛውም ማስረጃ ሊመረመሩ ይገባል ባይ ናት።